«ይገባል ወይስ አይገባም?» አዲስ አገርንና ትልቅ ኅብረትን በአንድ ሉክ ወረቀት መመዘን

በውጭ ዜና ክፍል ብዙ ዓመት የሠራ ሰው አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣበታል፤ «ይህ አገር ነጻ ከወጣ ያኛው ኅብረት ውስጥ መግባት ይችላል?» ጥያቄው አንድ ጊዜ በስኮትላንድ፣ ሌላ ጊዜ በኮሶቮ፣ ከዚያም በደቡብ ሱዳን ስም ይመጣል። ወጣት ሪፖርተሮች የሚፈልጉት «ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል አጭር መልስ ነው፤ ርእስ ይሆናቸዋላ። እኔ ደግሞ በአንድ ቃል መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ሳይ ጥርሴን የምነክስ ሰው ነኝ። ስለዚህ መልሱን ትቼ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ።

ወረቀቱ ተራ ነገር ነው። አንድ ሉክ ወረቀት በአግድም ይዘረጋና በእርሳስ አምስት ዓምድ ይሰመርበታል። በመጀመሪያው የኅብረቱ ዓይነት፣ በሁለተኛው የመግቢያው አንቀጽ፣ በሦስተኛው «እሺ» ማለት ያለባቸው መንግሥታት፣ በአራተኛው እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት ነገር፣ በአምስተኛው ከገባ በኋላ የሚከተለው ይጻፋል። በእርሳስ ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አራተኛው ዓምድ በየምርጫው ማግስት ተፍቆ እንደገና ይጻፋል።

አጠቃቀሙን ለማሳየት ደቡብ ሱዳንንና የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን እይዛለሁ። ቅርባችን ነው፤ ከማመልከቻው እስከ አባልነቱ ያለው መንገድም ከዳር እስከ ዳር ታይቷል። ሌሎቹን ለማነጻጸሪያ እጠራቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ኅብረት?

ደቡብ ሱዳን በጥር 2011 ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች፤ ወደ 99 በመቶ የሚጠጋው ድምፅ መለየትን መረጠ። ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻነቷን አወጀች። በአምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 14፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 193ኛ አባል ሆነች። በዚያው ክረምት የአፍሪካ ኅብረት 54ኛ አባል አድርጎ ተቀበላት። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ለመሆን ያመለከተችውም በዚያው ዓመት ነበር፤ የመቀላቀያ ስምምነቱን የፈረመችው ግን በ2016 ነው። አመልካቹም መሪዎቹም ያው ናቸው፤ የተለያየው የተቀባዮቹ ዓይነት ነው።

ወደ አፍሪካ ኅብረት ለመግባት የሚያስፈልገው ቀላል ነው። በማቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 29 መሠረት አፍሪካዊ የሆነ መንግሥት ፍላጎቱን አዲስ አበባ ለሚገኘው ኮሚሽን ሊቀመንበር ያስታውቃል፤ ከአባላቱ ግማሽ በላይ የሆኑት ከተስማሙ አለቀ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኩል ደግሞ መጀመሪያ የጸጥታው ምክር ቤት ድጋፍ፣ ከዚያም የጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ደቡብ ሱዳንን ማንም አላስቸገራትም። ካርቱም ራሷ በዋዜማው ዕውቅና ሰጥታ ነበር፤ ባለቤቱ የለቀቀውን ማን ይከለክላል?

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ጉዳይ ሌላ ነው። በ1999 አሩሻ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 5 የጉዞውን ደረጃዎች በግልጽ ያስቀምጣል፤ የጉምሩክ ኅብረት፣ የጋራ ገበያ፣ የገንዘብ ኅብረት፣ በመጨረሻም የፖለቲካ ፌዴሬሽን። የጉምሩክ ኅብረቱ በ2005፣ የጋራ ገበያው በ2010 ሥራ ጀመረ። የገንዘብ ኅብረቱ ፕሮቶኮል በ2013 ካምፓላ ላይ ተፈረመ። በ2017 ደግሞ መሪዎቹ ፌዴሬሽኑ እስኪደርስ ኮንፌዴሬሽንን መሸጋገሪያ አድርገው መረጡ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መካከል በ1967 የተቋቋመ ተመሳሳይ ማኅበረሰብ በ1977 ፈርሶ፣ አየር መንገዱና ባቡሩ ሳይቀር እስከመከፋፈል ደርሶ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። አዲስ አባል ሲመጣ ከመቀመጫቸው ቀና ብለው የሚመለከቱት ለዚህ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዓምድ የኅብረቱን ስም ጽፈው አይለፉ። ገቢው ምን እንደሚያስረክብ ጨምሩበት። የጉምሩክ ታሪፉን ነው? ድንበሩን? የመገበያያ ገንዘቡን? ወይስ ወንበር ይዞ ንግግር ማድረግ ብቻ? ብዙ የሚያስረክብበት ኅብረት ብዙ ያስጠብቀዋል። በዚህ ላይ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ከ1955 እስከ 1972፣ ከዚያም ከ1983 እስከ 2005 የተዋጋው በራሱ ጉዳይ ራሱ ለመወሰን ነበር። መንግሥቱ ግን ነጻነት ባወጀበት ዓመት የመወሰን ሥልጣኑን ቀስ በቀስ የማኅበረሰቡ መቀመጫ ወደሆነችው ወደ አሩሻ ለማሻገር አመለከተ። ይህን እንደ ተቃርኖ የሚያይ አለ። እኔ አላይም። ባሕር የሌለው፣ የነዳጅ ዘይት ቧንቧው በተለየበት አገር በኩል ብቻ የሚያልፍ መንግሥት ሌላ በር መፈለጉ የሚጠበቅ ነው።

አንቀጹን ራስዎ ያንብቡት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ባለሥልጣን ምን አለ ከማለትዎ በፊት የመግቢያውን አንቀጽ አውጥተው ያንብቡ። አብዛኛው ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

የምሥራቅ አፍሪካው አንቀጽ 3 ነው። አመልካቹ ማኅበረሰቡን በውሉ እንደተቀመጠው መቀበሉን፣ መልካም አስተዳደርን፣ ዴሞክራሲን፣ የሕግ የበላይነትንና ሰብአዊ መብትን ማክበሩን፣ ለውሕደቱ የሚያበረክተውን፣ ከአባል አገሮቹ ጋር ያለውን የመልክዓ ምድር ቅርበትና ትስስር፣ በገበያ የሚመራ ኢኮኖሚውን፣ የፖሊሲዎቹን መጣጣም ይዘረዝራል። እርሳስዎን ይዘው ከዝርዝሩ በላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይስመሩበት። እነዚህ አባል አገሮቹ ማመልከቻውን ሲመለከቱ ከግምት የሚያስገቧቸው ጉዳዮች ናቸው ይላል። ስለዚህ አንዱ ጎድሎ አመልካቹ ቢገባ «ውሉ ተጣሰ» ብሎ መከራከር ከባድ ነው። አንቀጹን ያረቀቁት ሰዎች ለመሪዎቹ ሰፊ ሜዳ ትተውላቸዋል።

ሌሎች አንቀጾች ጠበቅ ያሉ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት አንቀጽ 49 አመልካቹ «አውሮፓዊ አገር» እንዲሆን ይጠይቃል። ሞሮኮ በ1987 አመልክታ ያልተሳካላት በዚህ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ ማለትም አሲያን፣ በቻርተሩ አንቀጽ 6 አራት ነገር ይጠይቃል፤ በአካባቢው መገኘት፣ የሁሉም አባላት ዕውቅና፣ ለቻርተሩ መገዛት፣ ግዴታውን ለመወጣት ፈቃደኝነትና አቅም። ይህ «አቅም» የምትለው ነገር ምሥራቅ ቲሞርን ምን እንዳደረገቻት ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሁለተኛውን ዓምድ ችላ የሚሉ ሰዎች የሚያጡትን አንድ ምሳሌ ላሳይ። በ2011 ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ያመለከተችው ደቡብ ሱዳን ብቻ አልነበረችም፤ ሱዳንም አመልክታ ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር ቡጁምቡራ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች የሱዳንን አልተቀበሉትም። ካነሧቸው ምክንያቶች አንዱ ከየትኛውም አባል ጋር ድንበር የላትም የሚል ነበር። ካርታውን ዘርግተው ይመልከቱ። እስከ ሐምሌ 2011 ድረስ ሱዳን ከኬንያም ከኡጋንዳም ጋር ትዋሰን ነበር። ሁለቱም ድንበሮች ከደቡቡ ጋር ሄዱ። የአንዷ ነጻነት ለአንዷ የመግቢያ መስፈርት ሲያሟላላት ከሌላዋ ያንኑ መስፈርት ወሰደባት።

እሺ ባዮቹን በስም ይቁጠሩ

ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ። ከወረቀቱ ግማሹን ለእነዚህ ይተዉላቸው።

የሰፈር እድር ደንብ «የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ መግባት ይችላል» ይላል። የአመልካቹ ስም በስብሰባ ላይ ሲነሣ ግን በአጥር ወሰን የተካሰሰው ጎረቤት ጉሮሮውን ይጠርጋል። መንግሥታትም እንዲሁ ናቸው። ክሮኤሺያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት ስትደራደር ቀድማት የገባችው ስሎቬኒያ በፒራን ባሕረ ሰላጤ ላይ በነበራቸው የድንበር ክርክር ምክንያት ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት አገደቻት። ሁለቱም በ1991 በአንድ ቀን ከዩጎዝላቪያ የተለዩ ናቸው። ስሎቬኒያ በ2004 ገባች፤ ክሮኤሺያ በ2013። አብሮ መውጣት አብሮ ለመግባት ዋስትና አይሆንም።

ለዚህ ዓምድ ከመቄዶኒያ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በ1991 ነጻ ወጣች። በ2005 ለአውሮፓ ኅብረት ዕጩ ተባለች። ግሪክ «መቄዶኒያ የእኔ ክፍለ አገር ስም ነው» ብላ ዓመታት ሙሉ ቆመችባት። በ2018 ፕሬስፓ ሐይቅ ዳር ስምምነት ተፈርሞ አገሪቱ በ2019 ስሟን ወደ ሰሜን መቄዶኒያ ለወጠች። አንድ አገር ስሙን መለወጡ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፓስፖርቱ፣ የድንበሩ ሰሌዳ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ሁሉ ይቀየራል። ግሪክ ረካች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፈረንሳይ «መጀመሪያ የአቀባበሉ ሥርዓት ይሻሻል» አለች። እርሱ ሲያልፍ በ2020 ቡልጋሪያ በታሪክና በቋንቋ ጉዳይ ተነሣች። በወረቀቴ ላይ በግሪክ ረድፍ የነበረውን ስፋቅ በቡልጋሪያ ረድፍ ምንም አልጻፍኩም ነበር፤ ባዶ ረድፍ ማለት ተቃውሞ የለም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ተቃዋሚ እስካለ ድረስ ሁለተኛው አፉን መክፈት አያስፈልገውም።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ የተለየ ረድፍ ያስምሩ፤ አዲሱ አገር የተለየበት መንግሥት የት ተቀምጧል? ውስጥ ከሆነ አብዛኛው ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ውጭ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ካሉት ተመሳሳይ ሕመም ያለበት አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ኮሶቮ በ2008 ከሰርቢያ ተለይታ ነጻነት አወጀች። ሰርቢያ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ሆኖም ስፔን፣ ግሪክ፣ ቆጵሮስ፣ ሮማኒያና ስሎቫኪያ ለኮሶቮ ዕውቅና አልሰጡም። ስፔን የመለየት ጥያቄ የሚነሣባትን ካታሎኒያን ታስባለች፤ ቆጵሮስ ከእጇ የወጣውን ሰሜኗን ታስባለች። በፕሪሽቲና ላይ የሚወስኑት የራሳቸውን ቤት እያዩ ነው። ኮሶቮ በ2022 መጨረሻ ማመልከቻዋን አስገብታለች፤ ዩሮ በኪሷ ይዛ፣ የገንዘቡ ባለቤቶች ስብሰባ ውስጥ ግን ሳትኖር።

ስኮትላንድ ላይ ይህ ረድፍ እንዴት እንደሚገለበጥ ያያሉ። በመስከረም 2014 ሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶ ያህሉ ከብሪታንያ ጋር መቆየትን መረጠ። ከድምፁ ወራት ቀደም ብሎ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ሆሴ ማኑኤል ባሮሶ አዲስ ስኮትላንድ የሁሉንም አባላት ይሁንታ ማግኘቷ እጅግ አስቸጋሪ፣ ምናልባትም የማይቻል እንደሆነ በቴሌቪዥን ተናግረው ነበር። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ነበረች። በጥር 2020 ለንደን ራሷ ወጣች። የስፔን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችም መለያየቱ በሕጋዊ መንገድ ከተፈጸመ እንደማያግዱ ከ2017 ወዲህ ተናግረዋል። አንቀጽ 49 አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ናቸው የተለወጡት። በ2014 የተጻፈ ትንታኔ ዛሬ አንሥቶ የሚጠቅስ ሰው ሲያጋጥምዎ ቀኑን ይጠይቁት።

አሁን ወደ ጁባ እንመለስ። በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የመሪዎቹ ጉባኤ የሚወስነው በሙሉ ስምምነት ነው። እስከ 2016 እሺ ማለት የነበረባቸው አምስት ነበሩ፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ። የሁለቱን ረድፍ ብቻ ልሙላ።

ኬንያ፦ ባንኮቿ ከነጻነቱ በፊት ጁባ ገብተው ነበር። ወደቧ ሞምባሳ የደቡብ ሱዳንን ጭነት ትቀበላለች። በመጋቢት 2012 ላሙ ላይ አዲስ ወደብ፣ መንገድና የነዳጅ ዘይት ቧንቧ የሚያካትት ትልቅ ዕቅድ ሲመረቅ ምዋይ ኪባኪ፣ ሳልቫ ኪርና የእኛው መለስ ዜናዊ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከኬንያ ረድፍ የተጻፈው «ይግቡ፣ ቶሎ ይግቡ» ነው።

ኡጋንዳ፦ በቆሎው፣ ሲሚንቶው፣ ቢራው በድንበሩ ከተማ በኒሙሌ በኩል ወደ ጁባ ይወጣል። በታኅሣሥ 2013 ጁባ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ወታደሮቿን ልካ ከፕሬዚዳንት ኪር መንግሥት ጎን ቆማለች። እንዲህ ያለ አገር አመልካቹን በመልካም አስተዳደር ነጥብ ይጥለዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ታንዛኒያ በፖለቲካ ፌዴሬሽኑ ነገር ከሌሎቹ ቀዝቀዝ ያለች አገር ናት፤ ሆኖም የምትከለክልበት የራሷ ጠብ አልነበራትም። ሩዋንዳና ቡሩንዲ ራሳቸው በ2007 የገቡ ናቸው። የተለዩበት አገር ሱዳን ደግሞ ውጭ ነበረች። እንዲህ ተሞልቶ ሲታይ ወረቀቱ በ2012 ላይ ሆኖ እንኳን «ይገባሉ» ያሰኝ ነበር። ያዘገየው ጦርነቱ ነው። የሰላም ስምምነቱ በነሐሴ 2015 ተፈረመ፤ በመጋቢት 2016 መጀመሪያ አሩሻ ላይ መሪዎቹ ተቀበሏቸው። በስምምነቱ የሚጠበቀው የሽግግር መንግሥት ገና አልተመሠረተም ነበር። ዴሞክራሲና ሰብአዊ መብት የሚለውን ነጥብ ያኔ በሐቀኝነት የመዘነ ሰው «ያልፋል» ሊል አይችልም። አራተኛው ዓምድ ሁለተኛውን እንዲህ ይሸፍነዋል።

መሙላቱን ለመለማመድ የሚፈልግ ሰው ሶማሌላንድን ይሞክር። ማመልከቻ መቅረቡን እርሱት፤ የተለየሁበት የምትለው መንግሥት የት እንደተቀመጠ ብቻ ይመልከቱ። ሶማሊያ በ2012 አመልክታ፣ በታኅሣሥ 2023 ፈርማ፣ በመጋቢት 2024 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሙሉ አባል ሆናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቃዲሾ በሙሉ ስምምነት በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ነች። ስለ ሐርጌሳ ያለዎት ስሜት ምንም ቢሆን ረድፉ የሚሞላው በዚህ ነው።

መግለጫው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይወቁ

ጋዜጦች «ተቀበሉ» የሚለውን አንድ ቃል ለአምስት የተለያዩ ነገሮች ይጠቀሙበታል። የመሪዎች ጉባኤ መግለጫ ሲወጣ ማመልከቻው ደረሰ ማለቱ ነው? አጣሪ ቡድን ይላክ ማለቱ ነው? በመርህ ደረጃ መስማማት ነው? ፊርማ ነው? ወይስ የማጽደቂያው ሰነድ ገቢ ሆነ ማለት ነው? አባልነት የሚጸናው በመጨረሻዎቹ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ሊዘገይ ይችላል።

ምሥራቅ ቲሞር በ2002 ነጻ ወጣች፤ በመጋቢት 2011 ለአሲያን አመለከተች። ከአባላቱ አንዳንዶቹ በዓመት ከብዙ መቶ በላይ የሚሆነውን ስብሰባ ለመሳተፍና ለማስተናገድ የሰው ኃይልና በጀት አላት ወይ ብለው ዓመታት ተከራከሩ፤ አቅም የምትለው ነጥብ ይህች ናት። በኅዳር 2022 በመርህ ደረጃ ተስማሙላት። ያን ቀን «አሲያን 11ኛ አባል አገኘ» ብሎ የዘገበ ብዙ ነው። እውነተኛው አባልነት የመጣው በጥቅምት 2025 ኳላ ላምፑር ላይ ነው። ተለይታ የወጣችባት ኢንዶኔዢያ ከውስጥ ተቀምጣ ማመልከቻዋን መደገፏን ግን ልብ ይበሉ። የተለዩበት መንግሥት ውስጥ ሲሆን ነገሩ «አብዛኛው ጊዜ» ያበቃል ያልኩት ለዚህ ነው።

ደቡብ ሱዳን ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዳሬሰላም ላይ ፈረመች፤ ሳልቫ ኪርና ጆን ማጉፉሊ። ሐምሌ ላይ ጁባ ውስጥ እንደገና ውጊያ ተነሣ። የማጽደቂያው ሰነድ ግን በመስከረም መጀመሪያ አሩሻ ገባ። ይህን ቅደም ተከተል ከጻፉ በኋላ የመግቢያ ዜና የሰላም ዜና እንዳልሆነ ለማንም ማስረዳት አይከብድዎትም።

አምስተኛው ዓምድ፦ ከገባ በኋላ

የእህቴ ልጅ ጁባ ውስጥ ምግብ ቤት ነበረው፤ ጥብስና እንጀራ በአንድ በኩል፣ ለኬንያውያኑ ደግሞ ኡጋሊ። የአሩሻው ዜና የወጣ ሰሞን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ገቡ እኮ! የቤቱን ኪራይ ለአምስት ዓመት ላድሰው?» ድምፁ በደስታ ያስተጋባ ነበር።

«አንተ የየት አገር ፓስፖርት ነው የያዝከው?» አልኩት።

ዝም አለ። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም። የጋራ ገበያው ፕሮቶኮል የሰው፣ የሠራተኛና የካፒታል እንቅስቃሴን የሚያቀልለው ለአባል አገሮች ዜጎች ነው። ፕሮቶኮሉ በወረቀት ላይ እንዳለው ከተፈጸመ የሚጠቀመው ከእርሱ ምግብ ቤት ፊት ለፊት የከፈተው ኬንያዊ ነው። እርሱ የቀድሞውን የመኖሪያ ፈቃድና የቀድሞውን ቪዛ ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ከኪራዩ በፊት ሦስት ነገር እንዲያጣራ ነገርኩት፤ ከኒሙሌ እስከ ጁባ ባለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ሾፌሮች የሚከፍሉባቸው ኬላዎች ቀንሰዋል ወይ፣ የጉምሩኩ ቀረጥ ተለውጧል ወይ፣ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለኬንያውያን የሚያስከፍለው ተለይቷል ወይ። «ሾፌሮቹን ጠይቅ፤ ሚኒስትር አትጠይቅ» ብዬ ዘጋሁት። ከሳምንታት በኋላ የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ ኬላዎቹ እንዳሉ ናቸው። ኪራዩን ለአንድ ዓመት ብቻ አደሰ።

የሥራ ፈቃዱ ነገር በራሱ ትምህርት ነው። ማኅበረሰቡን ከተቀላቀሉ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2017 መጀመሪያ፣ የጁባ መንግሥት ለውጭ አገር ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ ክፍያን እስከ 10,000 ዶላር ማድረሱን አስታወቀ። ጩኸት ሲበዛ ብዙም ሳይቆይ አገደው። የጋራ ገበያ ውስጥ የገባ መንግሥት የሚያወጣው ሕግ ሁሉ ከጋራ ገበያው ጋር ይስማማል ብለው እንዳያስቡ።

በዚሁ ዓምድ ክፍያውንም ይጻፉ። ማኅበረሰቡ ለረጅም ጊዜ በጀቱን የሚሰበስበው ከአባላቱ በእኩል መዋጮ ነበር። ኬንያ የምታወጣውን ያህል ደቡብ ሱዳንም ታወጣለች ማለት ነው። ደቡብ ሱዳን በመዋጮ ውዝፍ ስሟ ተደጋግሞ የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። ወታደሩ ደመወዙን ለወራት በማያገኝበት አገር የአሩሻው ሂሳብ ወደ ኋላ መገፋቱ አያስገርምም። ግን አመልካች መንግሥት ሲፈርም ይህ ቁጥር በፊቱ ተቀምጦ ነበር።

በሌላ በኩል አባልነት ባዶ ወረቀት ነው የሚሉትንም አልቀበልም። እያንዳንዱ አባል ለማኅበረሰቡ ምክር ቤት ዘጠኝ ተወካዮች ይልካል፤ ውሉም የአገሩ ፓርላማ እንዲመርጣቸው ያዛል። የደቡብ ሱዳን የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ በምርጫ አልመጡም የሚል ክስ አሩሻ ላለው የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም ቃለ መሐላ እንዳይፈጽሙ አገደ። ከሳሹ የራሷ ዜጋ ነበር። አንድ ደቡብ ሱዳናዊ መንግሥቱን ከአገሩ ውጭ ባለ ፍርድ ቤት ከስሶ ማስቆም መቻሉ ከአባልነቱ በፊት የማይታሰብ ነገር ነበር። ይህንንም ይጻፉት፤ በተለየ ቀለም ቢሆን ደስ ይለኛል።

ወረቀቱን ባዶ አድርገው ለመጀመር የሚመች ጉዳይ ከፈለጉ ቡገንቪልን ይውሰዱ። ይህች የፓስፊክ ደሴት በ2019 መጨረሻ ባካሄደችው ሕዝበ ውሳኔ ከ97 በመቶ በላይ ድምፅ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ መለየትን መርጧል። በ2001 በተፈረመው የሰላም ስምምነት መሠረት ግን የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ፖርት ሞርስቢ ያለው ፓርላማ ነው። ጎረቤቶቿ በሙሉ የተሰባሰቡበት የፓስፊክ ደሴቶች ፎረም ጽሕፈት ቤት ሱቫ ነው፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒም ውስጡ ናት። የመጀመሪያውን ዓምድ ሞልተው ሲጨርሱ ወደ አራተኛው ከመሄድዎ በፊት በደሴቷ ላይ ያለውን የፓንጉናን የመዳብ ማዕድን ታሪክ ያንብቡ። የፖርት ሞርስቢ ረድፍ ያለ እርሱ አይሞላም።